መቶ ሃያ አንደኛዋ ሴት

ውሸት ነው የምትሉ ዝለሉት። ወላሂ ግን ሆኗል።

ቆቦ፣ እቤታችን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጨለማ እንኳን አልነበረም... ቆርቆሮው በሙቀት ጧ ጧ ይላል፣ ውጭ ባጃጅ ይጮኻል።

ራህመት እባላለሁ። ከስድስተኛ ነው ያቋረጥኩት፤ ቁጥር ግን አያቅተኝም ብዬ አምን ነበር።

እህቴ ሳቢራ ለትምህርቷ ጥናት ትሠራ ነበር። መቶ ሃያ የወለዱ ሴቶች፣ መቶ ሃያ ወረቀት። ኮምፒውተር ላይ የማስገባው እኔ ነኝ። ሴትየዋ እርጉዝ ሆና ስንቴ ለክትትል ሄደች? ከዜሮ እስከ አራት። ከዚያ ውጤት፤ እናትም ልጅም ከተረፉ 1፣ ሞት ካለ 2።

"ኮምፒውተሩ በደረጃ ይደረድራቸዋል" አለችኝ። "ክትትል ሲጨምር ሞት ይቀንስ እንደሆነ ይነግረናል። የማይታወቀውን 9 በዪ። ገባሽ ፕሮፌሰር?"

"ካንቺ በላይ ገብቶኛል" አልኳት።

አልገባኝም ነበር።

ሳቢራ ጭራሽ ያልሄደችዋን ሴት ወረቀት ላይ ባዶ ትተዋታለች። እኔ ደግሞ ባዶ ሳይ "አይታወቅም" ብዬ 9 እጽፋለሁ። ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል? ዘጠኝን ከአራት በላይ ደረደረው። ምንም ያልሄዱት... ዘጠኝ ጊዜ የሄዱ መሰሉ።

ሳቢራ ውጤቱን አይታ ሳቀች።

"እዪ፣ ልዩነት የለውም እኮ።" ሆዷን ዳበስ አደረገች። የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ አንድ ቀን እንኳ ለክትትል አልሄደችም። "በቃ እኔም ጥናቴን ልጨርስና እሄዳለሁ።"

አልሄደችም።

ምጥ ላይ ሞተች፤ ከነልጇ ቀበርናት።

ወር ሲሞላት የጎረቤታችን ልጅ ሔራን ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ስህተቴን አገኘችው። እሷ ኮሌጅ ናት።

"ለእማ አትንገሪ" አልኳት።

"አልነግርም። ነይ እናስተካክለው።"

እማ ገበያ ወጥታለች። ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነው። ዘጠኙን እያጠፋሁ ዜሮ ጻፍኩ... ሠላሳ አንድ ሴት። ከዚያ አስላ የሚለውን ነካሁት።

የግራፉ መስመር ቁልቁል ወረደ። ክትትል ሲጨምር፣ ሞት ሲቀንስ። ቁልጭ ብሎ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

"ራሂ" አለች ሔራን በሹክሹክታ። "ስንት ሴት ነው ያልሽኝ?"

"መቶ ሃያ።"

"እዚህ መቶ ሃያ አንድ ይላል።"

የመጨረሻዋ መስመር። ዕድሜ 26። ቆቦ። ክትትል 0። ውጤት... ባዶ።

ሳቢራ ሃያ ስድስቷ ነበር።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?" አልኳት።

"እጄ የት እንዳለ አታዪም?"

መስመሩን አጠፋሁት። ተመለሰ።

ክትትል 1።

አጠፋሁት።

2።

መብራት ሄደ። ያ ኮምፒውተር ባትሪው ከሞተ ዓመት አልፎታል። ስክሪኑ ግን... አልጠፋም።

3።

አሁን እኔ ምንም አልነካሁም።

"ራሂ፣ እንውጣ።"

"ቆይ።"

"እንውጣ አልኩሽ።"

4።

ገባኝ። ያመለጧትን ቀጠሮዎች እየሄደች ነው። አንድ በአንድ።

ውጤት የሚለው ቦታ ላይ የሚጻፍበትን የምታሳየው ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች... እኔን እየጠበቀች።

መጻፍ የነበረብኝ 2 ነው። አፈር ሲመለስባት አይቻለሁ። እጄ ግን እንቢ አለኝ።

1 ጻፍኩ።

ከጓዳ ሕፃን አለቀሰ።

እኛ ቤት ሕፃን የለም።

ሔራን እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ለቅሶው ትንሽ ቆየ...

ከዚያ ሰው እንዳነሳው ዝም አለ።