ሳይፈርስ የቀረ አመድ

የኔታ ጂ ሄንግ የሞቱት ረፋድ ላይ ነው፤ በዶንግ ቤተሰብ መጻሕፍት ቤት፣ በቀለም መፍጫ ድንጋይ ማጅራታቸውን ተመትተው። የዳኛው የወንጀል አማካሪ ሼን ቦሃን ሲደርስ ሬሳው ገና ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነበር። የቤቱ ጌታ ዶንግ ሩሊን ደግሞ ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጦ የሐብሐብ ፍሬ ይቆረጥማል፤ ልጣጩን የሚተፋው የአያቱ ድርሰት በታተመበት ወረቀት ላይ ነው። 

የሟቹ ሥራ የአያትየውን፣ የሊቁን ዶንግን ድርሰቶች ለአዲስ ኅትመት ማዘጋጀት፣ የታተመውን ከእጅ ረቂቁ ጋር መስመር በመስመር ማመሳከር ነበር። ሊቁ ስለ ወንድማቸው ሚስት፣ ባሏ ሲሞት በገዛ ፈቃዷ ታንቃ ስለሞተችው ሴት የጻፉትን በቃሉ የማይወጣ ተማሪ በከተማችን በቻንግጆ የለም።

«ገዳይዋ የታወቀች ናት» አለ ሩሊን። «የሟች ልጄ ሚስት። አጥሚት ይዛ የገባችው እሷ ናት።»

«አሁን የት ናት?»

«ክፍሏ። የቤታችን ስም ፍርድ ቤት ከሚነሳ ብለን ገመድ ልከንላታል። ካወቀችበት እስከ ቀትር ትጨርሰዋለች።»

ሼን ወደ በሩ አመለከተ። «ገመዱን ያስመጡልኝ። ያለዚያ እጅዎን አስሬበት እወስድዎታለሁ።»

ምራትየዋ ወይዘሮ ኬ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«ስሜን እንኳ ሲጻፍ አላውቀውም፣ ጌታዬ።»

«ከሴቶቹ ግቢ በመካከለኛው በር ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ካገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በሩን ከዚህ ወገን ብቻ ነው የማውቀው።»

«የኔታ ምን አሉሽ?»

«እያለቀሱ ነበር። ‹ልጄ፣ አባትሽ ቤት ሂጂ› አሉኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።»

ሦስተኛው ተጠርጣሪ የሟቹ ደቀ መዝሙር ፔይ ዩዋን ነው፤ በዚያው ድርሰት ላይ የጻፈው ትልቅ ማብራሪያ ሊታተም ደርሷል። ቀለም ልገዛ ገበያ ነበርኩ አለ። ሼን ሊያልፍ ሲል ግን ክንዱን ያዘው።

«እግርዎን፣ ጌታዬ። ጽሑፍ ነው የረገጡት።»

ወረቀቱን አንስቶ በእጅጌው ጠረገ፤ ግንባሩን አስነካው። አጠገቡ የረጋውን የመምህሩን ደም ዞር ብሎ አላየውም።

ሼን የረቂቁን ቅጠሎች ቆጠረ። ከዚያ ከመካከለኛው በር ውጭ ወዳለው መቅደስ፣ የተጻፈ ወረቀት በክብር ወደሚቃጠልበት ምድጃ ሄዶ ብዙ ቆየ።

ሁሉንም አዳራሽ ሲያስጠራ በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ይዞ ነበር።

«ከሦስት መቶ ቅጠል አምስቱ ጎድለዋል። አምስቱን ብቻ ነጥሎ ለማውጣት ያንን ውልግድግድ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ያስፈልጋል። ወይዘሮ ኬ ፊደል አልቆጠረችም። ጌታ ሩሊን ደግሞ...»

«የምሁርነት ማዕረጌን በገንዘብ እንደገዛሁት አገር ያውቃል» አለ ሩሊን ሳያፍር።

«ያውቃል። እርስዎ ቢሆኑ ማድ ቤት እሳት ውስጥ ይከቱት ነበር። ገዳዩ ግን የተጻፈን ወረቀት ከማገዶ ጋር ለማንደድ እጁ እምቢ አለው። ወይዘሮ ኬ የማታልፈውን በር አልፎ መቅደሱ ምድጃ ድረስ ወሰደው። አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ፤ እንደ ደንቡም አልቆሰቆሰውም። ስለዚህ ቅጠሎቹ ጠቆሩ እንጂ አልፈረሱም። ቀለሙ አመዱ ላይ ይነበባል።» ወደ ፔይ ዞረ። «መምህርህን ማጅራታቸውን ፈልጠህ ለወረቀት ሰገድክ።»

«አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ነው» አለ ፔይ። «የኔታ ረቂቁን አሳትማለሁ አሉ። የኔ መጽሐፍ ምን ሊሆን?»

ሼን ጨርቁን ገልጦ የሊቁን ቃል አነበበ። «‹ሦስት ጊዜ እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ። ገመዱን ሰጥቼ በሩን ከውጭ ቆለፍኩት።› የታተመው ‹በደስታ ሄደች፤ ሦስት ቀን አለቀስኩላት› ይላል።»

ይህን የታተመውን ስንሸመድድ ያደግነው እኛ ነን። ልጆቻችንንም በአለንጋ አስጠንተናል። 

«ይህ ከዚህ ክፍል አይውጣ» አለ ሩሊን።

«ወጥቷል፤ ለዳኛው እየተገለበጠ ነው። ወይዘሮ ኬም አሁኑኑ አባቷ ቤት ትሄዳለች። ወንበር ተሸካሚዎቹ በር ላይ ቆመዋል።»

ወይዘሮ ኬ እስከ ደጃፉ ሄደችና ቆመች።

«ጌታዬ፣ የዚያች ሴት ስሟ ማን ነበር?»

ሼን ትሪውን አየ፤ ቀጥሎ ፔይን አየ። የሊቁን አሥራ ሁለት ቅጽ በቃሉ የሚያውቀው ፔይ አንገቱን ደፋ።

«አልተጻፈም» አለ ፔይ።