ከቀኝ የምትገባው ሙሽራ

ለሐዲጃ የልጇን ሞት አፍ አውጥቶ የነገራት ሰው የለም። አራዳ ገበያ፣ ከጨርቅ ሱቋ ፊት ለፊት ያሉት ሴቶች ድንገት ዝም ሲሉ፣ አንዷም ነጠላዋን ወደ አፏ ስታነሣ፣ ያን ጊዜ ገባት። «ከሁለቱ ልጆቼ የትኛው ነው?» እያለች ሮጠች። መልሱ ሁለቱም ሆነ። ታናሹ ዐብዱልባሲጥ የሰርግ ቪዲዮ በሚያቀናብርበት ስቱዲዮ ውስጥ ራሱን በመብራት መስቀያ ብረት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ታላቁ ዐብዱልከሪም ደግሞ ገዳዩ ነህ ተብሎ ታሰረ።

ወሩ ጥር ነበር፤ የ2002 ዓ.ም. ጥር። ጎንደር ሰርግ በሰርግ በሆነችበት በዚያ ሰሞን አዲስ ዓለም ያለው የሐዲጃ ቤት ብቻ ለቅሶ ተቀምጧል። መርማሪው ኢንስፔክተር ሸዋአየሁ የመጣው ከቀብር ማግሥት ነው። የዳባት ሰው ነው፤ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ሲያቀረቅር ላሙ የጠፋችበት ገበሬ እንጂ መርማሪ አይመስልም። ሐዲጃ አይታው ተስፋ ቆረጠች። የልጄ ነፍስ በዚህ ሰው እጅ ወደቀች አለች በልቧ።

«የሟች ስም ማን ነበር፣ እማማ?»

«ዐብዱልባሲጥ።» አጻጻፉን አጎንብሳ አየችና እጁን ያዘችው። «እንዲያ አይደለም ልጄ፤ በዐይኑ ዐ ጻፈው። በአልፋው አ ከጻፉለት ይጣላ ነበር። ‹ስሜን አታጣሙብኝ› ይል ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ሰርዞ አስተካከለ። «ከወንድሙ ጋርስ ይጣሉ ነበር?»

«ይጨቃጨቁ ነበር። ከሪም ሱቁን አብረን እንያዝ ይላል፤ ባሲጥ ከኮምፒውተሩ አልነሣም ይላል። ወንድም ከወንድሙ ቢጨቃጨቅ ምን ይገርማል? አንዱን አፈር አልብሼዋለሁ። ሌላውን በቁሙ አትቅበሩብኝ!»

«ባሲጥ በልጅነቱ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

ሐዲጃ ተናደደች። ቤቷ እየተቃጠለ እሱ የልጅነት ወሬ ይጠይቃታል! ግን ስለ ባሲጥ ማውራት ጠምቷት ነበር፤ ስለዚህ ተናገረች።

«ፊደል ሳይቆጥር ነው ቁርአን የቀራው። ትምህርት ቤት ሲገባ ደብተሩን ከኋላ እየጀመረ ስንቴ ተገረፈበት! ካደገም በኋላ አልተወውም። ምንጣፍ እንኳ ሲዘረጋ ከቀኝ ነው የሚጀምረው።»

ኢንስፔክተሩ ቆቡን ማሻሸት አቆመ። «ሸጋ» አለ ቀስ ብሎ፣ ተነሥቶም ሄደ።

በማግሥቱ ሐዲጃ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች። ከሪምን ካላሳያችሁኝ አልነሣም አለች። ቢለምኗት፣ ቢቆጧት እንቢ አለች። ኢንስፔክተሩ ሲወጣ አያትና «ይነሡ፣ አብረን እንሂድ» ብሎ ፒያሳ ወዳለው ስቱዲዮ ወሰዳት።

እንግዳ ተቀባይዋ ይመኙሽ ዐይኗ አብጧል። «ጠዋቱን ሙሉ የሰርግ ዘፈን ከውስጥ ይጮህ ነበር» አለች። «ካሜራ የሚያነሣው ምናለ አብሮት ነበር። ከምሳ በፊት የሰርጉን ሲዲ ይዞ ወጣና ‹ባሲጥ፣ በርታ!› ብሎ የቅንብር ክፍሉን በር ሳበው። በሩ ሲሳብ በራሱ ይቆለፋል። ከምሳ በኋላ ከሪም መጣ። ውኃ ልቀዳ ወርጄ ‹ክፈት! ምነው ዝም ትለኛለህ?› እያለ ሲጮህ ሰማሁት።»

«ባሲጥ ሲመልስለትስ ሰማሽ?»

«ኧረ አልሰማሁም። በሩ ተከፍቶለት ይግባ አይግባም አላየሁም።»

የካሜራ ባለሙያው ምናለ ሐዲጃን ሲያይ እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ። እሷም አብራው አለቀሰች።

«ጨርሶ ሲሰጠኝ ተቀብዬ ማክሰኝት ለሙሽራው ቤተሰብ አደረስኩ» አለ። «እዚያው የመልሱ ድግስ ላይ ሳልነሣ ዋልኩ።»

«ኮምፒውተሩን አንተ ነክተኸዋል?»

«እመቤቴን፣ አልነካሁም! እኔ ካሜራ ተሸካሚ ነኝ። ባሲጥ መጨረሻው ላይ የገዛ ስሙን ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።»

«ምነው፣ ሥራውን ያስተማርከው አንተ አይደለህ?» አለች ይመኙሽ።

«ድሮ ነው። ረስቼዋለሁ።»

የስቱዲዮው ባለቤት ሐብተ ማርያም ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አዘዞ ነበር፤ ማታ በሩን በቁልፉ ከፍቶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። «ደንበኛ ሁሉ የባሲጥን እጅ ነው የሚለው» አለ። «የሙሽራዋን ፎቶ የሚያስገባበት መንገድ ልዩ ነበር። መነሻው ላይ አንድ ምልክት፣ መድረሻው ላይ ሌላ ምልክት ታደርጋለህ፤ መሃሉን ማሽኑ ይሞላልሃል። ሌላው ሰው ሲያደርገው ፎቶው መጥቶ ድርቅ ይላል። የባሲጥ ግን ሊደርስ ሲል ቀስ ይልና ይቀመጣል።»

«በዚያ ጠዋት ስልክ ተደውሎ ነበር?»

«ከባሕር ዳር፣ ከአንድ ስቱዲዮ። ምናለን ፈልገው ነው። ያነሣው ባሲጥ ነበር ብላኛለች ይመኙሽ።»

ከሁለት ቀን በኋላ ሁሉም በቅንብር ክፍሉ ተሰበሰቡ። ዐብዱልከሪም በካቴና መጣ። ጉንጩ ጎድጉዷል። እናቱ ልታቅፈው ስትነሣ ፖሊሱ ከለከላት። ሐዲጃ ወንበሯን ጨብጣ «ያ አላህ፣ ይሄን አትንሣኝ» አለች።

ኢንስፔክተሩ ከማክሰኝት ያስመጣውን ሲዲ ከፈተ። የሙሽራዋ ፎቶ ከስክሪኑ ቀኝ ገብቶ ወደ ግራ ተንሸራተተና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ።

«ፊደል ሳይቆጥር ቁርአን የቀራ ሰው እጅ ነው» አለ። «ቁርአን የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ የሱም መነሻ ቀኝ ነው። አሁን መጨረሻውን እዩልኝ።»

የኬኩ ቆረሳ መጣ። ፎቶው ከግራ ገብቶ ሄደና ድርቅ አለ። የሚቀጥለውም ከግራ ገባ። ሐብተ ማርያም ከወንበሩ ተነሣ።

«ይሄ የባሲጥ እጅ አይደለም!»

«አይደለም። ይሄ ሲሠራ ባሲጥ ሞቷል። ከሪም በሩን ቢደበድብ የሚመልስለት ያጣውም ለዚህ ነው። ጠዋቱን ሙሉ አብሮት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሲዲው ሳያልቅ ቢቀር ባሲጥ የሞተው እሱ እያለ መሆኑ ይታወቅበታል። ስለዚህ ዘፈኑን ከፍ አድርጎ፣ ሬሳው አጠገቡ ወድቆ፣ ሰርጉን ጨረሰው።»

«ሰው ሲደክመው አሠራሩን ይለውጣል» አለ ምናለ። «በፎቶ አገባብ ሰው ይሰቀላል?»

«ስሙን ሲጽፍ አይቻለሁ ብለሃል።»

«አዎ።»

ኢንስፔክተሩ ፊልሙን ወደ ፍጻሜው ወሰደው። «ቅንብር፦ አብዱልባሲጥ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሐዲጃ ተጠግታ አነበበችውና ጮኸች።

«በአልፋው ነው! ልጄ በአልፋው አ አይጽፍም!»

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ አንተ አጣመህበት» አለ ኢንስፔክተሩ። «ባሕር ዳር ደውዬ ነበር። ባሲጥ ያቀናበራቸውን ሰርጎች የኔ እጅ ናቸው ብለህ ልከህ በአቀናባሪነት ቀጥረውሃል። የዚያን ጠዋት ስልኩን ያነሣው ባሲጥ ይሄንኑ ሰማ። መነሻውን ሰጠኸን፦ ባሲጥ በሕይወት አለ። መድረሻውን ሰጠኸን፦ ወንድሙ በር ላይ ይጮሃል። መሃሉን እኛ እንድንሞላልህ ነበር።»

ምናለ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንድም ሰው የምናለ እጅ ብሎ አያውቅም። ‹ስሜን መልስልኝ፣ አለዚያ እነግራቸዋለሁ› አለኝ…» የባሲጥን ሥራ ሲሰርቅ ኖሮ፣ በመጨረሻ የገዛ እጁን ሥራ በሟቹ ስም አስረከበ።

የከሪም ካቴና ተፈታ። የእናቱ ጉልበት ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ። እሷ ራሱን እየዳሰሰች ስክሪኑን ታያለች።

«ሐብተ ማርያም፣ መልስልኝ» አለች። «እጁ እስካለበት ድረስ ብቻ።»

ሐብተ ማርያም ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰው። ሙሽራዋ ከቀኝ ገባች፣ ፎቶው ሊደርስ ሲል ቀስ አለና ተቀመጠ። ሐዲጃ የበኩር ልጇን እጅ ጨብጣ አንድ በአንድ አየቻቸው። ኬኩ ከመምጣቱ በፊት እጇን አነሣች።

«በቃ፣ እዚህ ላይ አቁምልኝ» አለች።