ሽቅብ የሄደው ሬሳ

የወንዝ ጭቃ መርማሪው ማክሰኞ ጠዋት ድልድዩ ሥር በአፉ ተደፍቶ ተገኘ። ጉሮሮው ድረስ ጥቁር ጭቃ ተጠቅጥቆበታል። የባትሪ ፋብሪካው ባለቤት «አዳልጦት ነው» አለ፤ ዘበኛውም «አዳልጦት ነው» አለ፤ የሟቹ አማት የሆነው የከተማው ላቦራቶሪ ኃላፊም ዕንባውን እየጠረገ ያንኑ ደገመ።

ጉዳዩ ለወንፊት ደረሳት። ወንፊት ቅጽል ስሟ ነው፤ ዓይኗ ሰባት ግድግዳ በስቶ ስምንተኛው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር የሚያነብ፣ ውሸት ፊቷ ሲቆም እንደ እብቅ የሚንጓለል ፖሊስ ነች።

የሟቹ ሚስት ሕፃን ልጇን ታቅፋ ጠበቀቻት።

«የልጄ እግሯ ከዳት። ሐኪሙ ምን እንደመረዛት ሳላውቅ መድኃኒት አልሰጥም አለ። ባሌ የፋብሪካው እርሳስ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ሰኞ ጭቃውን በቱቦ ሊያወጣ ሄደ።»

«ለምን ውኃውን አልቀዳም?»

«ውኃማ ያልፋል። ጭቃ ግን የየዓመቱን መርዝ ደራርቦ ያስቀምጣል ይል ነበር።»

ዓርብ ከሰዓት ወንፊት ሁሉንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበች።

«ሬሳ ሽቅብ አይዋኝም» አለች። «ድልድዩ ከፋብሪካው በላይ ነው፤ እዚያ ያለው ጭቃ ቀይ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ያለው ጥቁሩ የሚገኘው ከፋብሪካው ፍሳሽ መውጫ ሥር ብቻ ነው። እዚያ ሞቶ ድልድዩ ድረስ ተጓጓዘ።»

«እኔ ነኝ ልትዪ ነው?» አለ ባለፋብሪካው።

«ጥጋብዎስ ለሦስት ሬሳ ይበቃል። ግን ይቆዩኝ።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ጋሼ፣ ሁለት ብልቃጥ ሰጥቼዎት ሁለቱም ከጉሮሮው ነው አልኩ። አንዱን ግን ከፍሳሹ መውጫ በገዛ እጄ ነው የዛቅሁት። ሁለቱንም ንጹሕ ብለው ፈረሙ።»

«መሣሪያው ተበላሽቶ...»

«ይሁን። ሟቹ ያወጣው ጭቃስ የት ገባ? ባለፋብሪካው ቢያገኘው ወንዝ ይደፋው ነበር። ዘበኛው ቢያገኘው ቱቦውን አጥቦ ይሸጠው ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ዘበኛው።

«ናሙና መጣል የማይሆንለት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የላቦራቶሪውን ፍሪጅ ከፈተችው። ረዥሙ ቱቦ ጭቃውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወገቡ ላይ በኃላፊው የእጅ ጽሕፈት «ሰኞ፣ ዘጠኝ ተኩል» ይላል።

«የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው፤ እጅዎ ሰው ገድሎም ናሙናውን ይመዘግባል። አሥር ዓመት ወንዙ ንጹሕ ነው ብለው ፈርመዋል። ውሸትዎ ያውና፣ በንብርብር ተቀምጧል። አማችዎ ሊያነበው ነበር።»

ኃላፊው አልካደም። ልጁ፣ የሟቹ ሚስት፣ ሕፃኗን እንደታቀፈች ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ የልጄን ደም ሁለቴ አመጣሁልህ። ሁለቴም ንጹሕ ነው አልከኝ።»

«እርሳስ ብዬ ብጽፍ፣ ከየት መጣ ይሉኝ ነበራ፣ ልጄ።»

«መድኃኒቱ አሁን ያድናታል?»

ወንፊትን አልጠየቀችም። በክፍሉ ውስጥ መልሱን የሚያውቅ አባቷ ብቻ ነበር።

ኃላፊው የሕፃኗን የተንጠለጠሉ እግሮች አየ።

«አምና ቢሆን» አላት።