አጎቴ በጠፍር ያሰራቸው

የምነግራችሁ ተረት አይደለም። ያላመነ አንኮበር ወጥቶ ይጠይቅ።

ባለፈው ክረምት ነው... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጉሙ አገሩን ውጦት አጥሩ እንኳ አይታየኝም። ወደ አጎቴ ቤት የሚያስኬደኝ ንዴት ነበር።

ከዓመታት በፊት አባቴ ወልደአረጋይ እጅና እግሩ ያለ ፈቃዱ ይወራጭ ነበር። ወንድሙ ወልደተንሣኤ "ዛር ነው፣ ስሙን ሳይለፈልፍ አይፈታም" ብሎ በጠፍር አሰረው።

እንደታሰረ ሞተ።

ያን ክረምት ደግሞ ታናሽ ወንድሜን ባየውን ያው ጀመረው። ደብረ ብርሃን ወስጄ ደሙን አስመረመርኩ። ውጤቱን ልወስድ ብቻዬን ስሄድ ሐኪሟ ከወላጅ የሚወረስ አንድ ዘረመል ተበላሽቶ የአንጎሉን ህዋሳት ቀስ በቀስ እየገደለ መሆኑን ነገረችኝ።

"ተመራማሪዎች ፈውሱን ገና እየፈለጉ ነው። መወራጨቱን የሚያበርድ መድኃኒት ግን አለ።"

ዛር ዘር ይከተላል ሲሉ ነው ያደግኩት። መከተሉንስ አውቀዋል። ስሙን ስተው ሰው ገደሉ እንጂ።

መድኃኒቱን ይዤ ስመለስ ባየው ቤት የለም። አጎቴ ወስዶታል።

እዚያ ስደርስ ውሻው አልጮኸም... አጥር ሥር ተኮራምቶ በሩን ያያል።

ስገባ ባየው የቤቱ ምሰሶ ላይ ታስሯል።

"እታለም... ፍቺኝ።"

ጠፍሩን ስነካው ላልቷል።

"ማን አላላልህ?"

"አባባ።"

"አባባ ሞቷል፣ ባየው።"

"አውቃለሁ... እዚሁ ነው።"

ቸኩዬ ፈታሁት።

"ተይው፣ አንቺ ልጅ" አለ አጎቴ ከበሩ። ጋቢው ደረቱ ላይ ይንቀሳቀሳል... ነፋስ ግን የለም።

"እጅህን አሳየኝ" አልኩት። አንቱ ማለቱ ከአፌ አልወጣም።

ጋቢውን ገለጥኩት። ጣቶቹ እንደ አባቴ ጣቶች ይወራጫሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆየ... ለሰው እንዳትነግሪ" አለ በሹክሹክታ። "ያስሩኛል።"

ልቤ ነደደ። የራሱን እጅ በጋቢ ሸፍኖ የወንድሜን እጅ ያስራል!

ባየውን ደግፌ ወጣሁ። ደጅ ደርሼ ዞር ስል አጎቴ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው፣ ማንም ከሌለበት ቤት፣ የጠፍር ሰንበር ያለባቸው ሁለት እጆች ወጡ...

የአጎቴን የእጅ አንጓዎች ጨምድደው ያዙ። መወራጨቱ ቀጥ አለ።

"ሰርካለም... ልጄ..." አለ አጎቴ።

አልተመለስኩም።

እጆቹ ቀስ አድርገው ወደ ምሰሶው ጎተቱት።