ሞጣ ለክርስትና

የቢቸና ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከኋላቸው ገና ሳይሰወሩ ሰማዩ ጠቆረ። ልብስ ሰፊው ይታገስ ጥቅሉን በትከሻው አንግቶ፣ የዘጠኝ ዓመቷን ፅጌረዳን አስቀድሞ፣ የአምስት ዓመቱን ስጦታውን በእጁ እየጎተተ በአቋራጩ ወደ ደብረ ወርቅ ይገሰግሳል። ሚስቱ ንጋት ሞጣ ወላጆቿ ቤት ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ ክርስትናው ከነገ ወዲያ፣ እሑድ ነው። ኪሱ የቻለው ከደብረ ወርቅ ወዲያ ያለውን መኪና ብቻ ስለሆነ የዛሬውን መንገድ በእግር ጀመሩት። ይታገስ ልጆቹን ብቻውን ይዞ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ጭንቀቱ ሁሉ ሳይጎዱበት ለእናታቸው ማስረከብ ነበር።

በረዶው ሜዳ ላይ ያዛቸው። ባቄላ ባቄላ የሚያክል ጠጠር ጀርባቸውን ይቀጠቅጠው ጀመር።

«ሩጡ! ወደ ቋጥኙ!»

ከቋጥኙ ሥር ተሸጎጡ። ይታገስ ስጦታው አሁን ያለቅሳል ብሎ ሲሰጋ፣ ልጁ በረዶውን እየለቀመ ይቆረጥማል።

«አባዬ፣ ቅመስ! በነፃ ነው!»

ሲያባራ መንገዳቸውን ከሚያቋርጠው ወንዝ ደረሱ። ጎርፉ ደፍርሶ ያገሳል። እስኪጎድል ዳሩ ላይ ተቀመጡ። ይታገስ እግሩን ሲያፍታታ አንድ ግዙፍ ዝንጀሮ ከገደሉ ብቅ አለና ጥቅሉን መንትፎ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወጣ። ስንቃቸው፣ ይታገስም በገዛ እጁ የሰፋት ነጭ የክርስትና ቀሚስ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ድንጋይ አነሳ። ዝንጀሮው ጥርሱን አገጠጠ።

«ተው አባዬ!» ፅጌረዳ ክንዱን ያዘችው። «ካባረርከው ይዞት ገደል ይገባል። ዳቦውን ሲያገኝ ጨርቁን ይጥለዋል።»

ይታገስ ድንጋዩን ጣለ። ዝንጀሮው ጥቅሉን ፈታ፣ ቀሚሷን አሸተተ፣ ከዚያ አናቱ ላይ ደፋት። የቄስ ሻሽ መሰለች። መጀመሪያ ስጦታው ፈነዳ፣ ቀጥሎ ፅጌረዳ፤ በመጨረሻ ይታገስ ሆዱን ይዞ ሣር ላይ ተንከባለለ። እንዲህ ከሳቀ ዘመናት አልፈዋል። ዝንጀሮው በሳቁ ደንግጦ ቀሚሷን ወረወረና ዳቦውን ታቅፎ ፈረጠጠ።

ወንዙ ሲጎድል ስጦታውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ፅጌረዳን ወገቡን አስይዞ ገባ። ውኃው ገፋው፤ አንድ ጫማውን ነጠቀው፤ ተንገዳገደ፣ ግን ተሻገረ። ማምሻውን ደብረ ወርቅ ሲገቡ እማሆይ ፈንታነሽ የተባሉ ደግ ባልቴት በራቸው ላይ አይተዋቸው፣ «እንግዳ የእግዜር ነው» ብለው አስገቧቸው፤ ሽሮ አብልተው አሳደሯቸው።

በማግሥቱ ወደ ሞጣ የሚሄድ አንድ አይሱዙ ብቻ ተገኘ። ጀርባውን ሰማው የሚባል በግ ነጋዴ ተከራይቶታል።

«ቦታ የለም!» ብሎ ሰማው በሩ ላይ ቆመ። «በጎቼን ረግጣችሁ ልትገድሉብኝ ነው?»

ይታገስ ተለማመጠ፤ ሰውየው አልሰማም። ሞተሩ ተነሣ። ያኔ ፅጌረዳ ወደ ፊት ወጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጋቢና ሲቀመጡ በጎቹን ማን ይይዝልዎታል? ዘለው ቢወርዱስ?»

ሰማው በጎቹን አየ፤ ልጅቷን አየ፤ ሳቁ አመለጠው። «ይቺ ምላሰኛ! ውጡ በሉ። አንድ በግ ቢጎድል ግን ወዮላችሁ!»

ጠምዛዛው ላይ አንድ ሙክት በእውነት ሊዘል ተወረወረ። ይታገስ ቀንዱን፣ ፅጌረዳ እግሩን፣ ስጦታው ላቱን አንቀው መለሱት። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ በጎቹ ይቀበላሉ፤ ይታገስም ሳያስበው ያጨበጭባል።

ሞጣ፣ ከንጋት ወላጆች ደጃፍ ደረሱ። ስጦታው ሩጫውን ለቀቀው።

«ደረስን! እማዬ፣ ደረስን!»

ንጋት ወጣች፤ ጭቃ የለበሱትን ልጆቿንና ባንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ የቆመውን ባሏን አይታ አፏን ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ልጆቹ አስቸገሩህ?»

«እኔን አደረሱኝ እንጂ» አለ ይታገስ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ አቅፎ።

አማቱ አቶ ወልደ ኪዳን ሕፃኑን ይዘው ብቅ አሉ። «አባቱ ይምጣ ብለን ስም ሳናወጣለት ቆየን። ማን ይባል?»

ይታገስ ሕፃኑን ተቀበለ። ስጦታው በግቢው ውስጥ እየዘለለ «ደረስን! ደረስን!» ይላል።

«ደረሰ ይባል» አለ ይታገስ።

ንጋት እልልታዋን አቀለጠችው።