አርባ ደቂቃ

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ብታነበውም የተጻፈው አልተለወጠም። የበረራው ጊዜ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፤ መሀል ላይ አንድ ማረፊያ። ልጅቷ አባቷ «ከጃኬቴ አውጥተሽ ቦርሳው ውስጥ ክተቺልኝ» ያላትን ቲኬት እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ባለፈው ሳምንት «አርባ ደቂቃ ነው» ብላ አፏን ሞልታ የተናገረችው እሷ ናት። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት ከስልኳ ላይ አገኘች፣ ለአውሮፕላን ፍጥነት አካፈለች፣ አለቀ። በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ስለሆነች ቤት ውስጥ ስሟ «ኢንጂነሯ» ነው፤ ኢንጂነሯ ካለች ደግሞ ማን ይጠይቃል? አውሮፕላኑ ትንሽ መሆኑን፣ እንደ ታክሲ መንገድ ላይ ሰው እያወረደና እያሳፈረ እንደሚሄድ አላጣራችም።

እውነቱን ለመናገር፣ ማጣራቱን አልፈለገችውም። አያቷን ይዞ በጠዋቱ በረራ ከሄደ አባቷ የዛሬውን የእጅ ኳስ ፍጻሜዋን አያይላትም። የከሰዓቱ ያደርሳችኋል ስትል ሁሉም አመናት።

የአያቷን ዓይን የሚያክመው ሐኪም አውሮፕላኑ በሚያርፍበት ከተማ የሚቆየው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ተመልሶ የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው፤ የአያቷ ዓይን ዓመት አይጠብቅም። አውሮፕላኑ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ አሥር ሰዓት ከአርባ ያርፋል፤ ከዚያ እስከ ክሊኒኩ ግማሽ ሰዓት። በጣቷ ደግማ ቆጠረች። አይደርሱም።

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳው ውስጥ ብትከተው ማን ያያል? ሲዘገዩ አውሮፕላኑ ዘገየ ይባላል እንጂ ማን እሷን ያስባል? እንዲህ በማሰቧ ራሷን ፈራች።

ሳሎን ውስጥ አያቷ እግራቸው ሥር ያለውን ጫማ በዳበሳ ይፈልጋሉ። «ይሄ ጫማ ከእኔ ጋር ድብብቆሽ አምሮታል» ብለው ሳቁ። ልጅቷ መሳቅ አቃታት።

«ሁለት ተኩል ሆነ እኮ ኢንጂነሯ፣ ጨዋታው እንዳይረፍድብን» አለ አባቷ ማሊያዋን ይዞላት እየመጣ።

«አባዬ፣ ተሳስቻለሁ።» ቲኬቱን ዘረጋችለት። «በዚህኛው አትደርሱም።»

አባቷ አነበበ።

«ጨዋታዬን እንድታይልኝ ብዬ ነው በደንብ ያላየሁት» አለች። «የአራት ሰዓቱ በረራ ቦታ አለው፣ መቀየር ይቻላል ብላችሁ አልነበር? አሁን ከወጣችሁ ትደርሳላችሁ።»

አባቷ ሰዓቱን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ።

«አንቺንስ ማን ያይሻል?»

«ዛሬ ማንም አይየኝ» አለችና የአያቷን ሻንጣ አንስታ ታክሲ ልታስቆም ወጣች።