ከበሩ ጀርባ ያለው ተማሪዬ

ወላሂ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ጫማዬን ፈልጌ የምወጣ ሰው ነኝ። ጂን የለም አልልም፣ ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝም፣ ግን ይሄን ሁሉ ሰው ትቶ በአንድ የኦክላንድ ታክሲ ነጂ ልጅ ላይ ጊዜውን የሚያባክን ሥራ ፈት ጂን ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ኮንኮርድ የተከራየው ቤት ውስጥ ቧንቧው በራሱ እየተከፈተ አስቸገረኝ ብሎ ዘመድ አዝማዱን ሲያስጨንቅ፣ ፕለምበር ጥራ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ፕለምበሩም መጥቶ ሠራው፣ አለቀ። እንግዲህ የምነግርህ ያ ሰው መሆኑን ያዝልኝና ስማኝ።

ኮሌጅ እንደጨረስኩ ደቡብ ስፔን ሄጄ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተማርኩ። እናቴ አፕላይ ማድረጌን ስትሰማ፣ ሰው አሜሪካ ለመግባት ባሕር ይገባል፣ አንተ ከገባህ በኋላ ትወጣለህ ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ ኖሬ አላውቅም። የተመደብኩባት ከተማ ከግራናዳ በአውቶብስ ሁለት ሰዓት ትርቃለች፣ ዙሪያዋ የወይራ ዛፍ ብቻ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ካንዱ ጥግ እስከሌላው "ቲቸር ሰዒድ" እያሉ ይጮኻሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቦርሳዬን ይዤ አንዴ ካዲስ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ አንዴ ኮርዶባ እሄዳለሁ። አንድ የቸገረኝ ነገር ቢኖር የአሳማ ሥጋ ነው፣ ባቄላ አዘዝኩ ስትል እንኳ ከሥር ተደብቆ ይጠብቅሃል።

ሌላው የገረመኝ ቀትራቸው ነው። ምሳ የሚበሉት ዘግይተው ስለሆነ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማለት በእነሱ አቆጣጠር ከሦስት እስከ አምስት፣ ከተማው በሙሉ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል፣ ድመት እንኳ አታይም። እናቴ በስልክ ይሄን ስነግራት፣ ያገሩ ሰው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው፣ አንተም በቀትር አትንቀዋለል አለችኝ። የወሎ ሰው ጂን ይወጣበታል ብሎ ቀትርን አይወድም፣ ታውቃለህ። እኔ ሳቅኩባት።

ዶኛ ኤንካርናን ያገኘኋቸው እዚያው ሰፈሬ ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት ብዬ ነበር መጀመሪያ። መንገድ ላይ አስቆሙኝና አሜሪካዊው አስተማሪ አንተ ነህ ወይ አሉኝ፣ አዎ ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ እሺ እንግዲህ፣ እንግሊዝኛውን የምታውቀው ከሆነ ይበቃል አሉ። ልጃቸው ፒላር አሜሪካዊ አግብታ የምትኖረው፣ አትገረም፣ ሄይዋርድ ነው፣ ከእናቴ ቤት ሃያ አምስት ደቂቃ። ፒላር ኖራ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አላት፣ ኖራ ስፓኒሽ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፣ አያቷ ቪዲዮ ኮል ሲያደርጉ ሰላም ብላ ታብሌቱን ሶፋ ላይ ጥላ ትሄዳለች። ዶኛ ኤንካርና ይሄን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፣ ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ ነው የነገሩኝ።

"ልጄ፣ ኖራ እንግዳ ሰው እንደምታይ ነው የምታየኝ። ሳልሞት አንድ ቀን ያለ አስተርጓሚ ላጫውታት እፈልጋለሁ።"

እኔ ይሄን ነገር ከቤቴ አውቀዋለሁ፣ የእህቴ ልጆች እናቴን እንደዚያ ነው የሚያደርጓት፣ በአማርኛ ትጠይቃቸዋለች፣ በእንግሊዝኛ ይመልሱላትና ይሮጣሉ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ልክ ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ በእነሱ አምስት ሰዓት ላይ እየመጣሁ እንግሊዝኛ ላስተምራቸው ተስማማን፣ እሳቸው ደግሞ እራት ያበሉኛል። ምን እንዳደረጉ ልንገርህ፣ ለእኔ ብለው አዲስ መጥበሻ ገዝተው፣ አሳማ እንዳይነካው እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። እንዲህ ያለ ሰው ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። እኔ "ጉድ አፍተርኑን" እላለሁ፣ እሳቸው ይደግማሉ፣ ከዚያ ሳሎኑ ጥግ ካለው ዝግ በር ጀርባ ወንበር ሲጥ ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው ጉሮሮ ተጠረገ። አንድ ሐሙስ ደግሞ "ማይ ኔም ኢዝ" ስል እሳቸው ደገሙ፣ ቀጥሎ በግማሽ ትንፋሽ ዘግይቶ ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ ደገመ። ዞር ብዬ አየኋቸው፣ ዶኛ ኤንካርና እርሳሳቸውን እየቀረፁ፣ ራፋኤል ነው፣ ተወው ይማር አሉኝ።

ራፋኤል ባላቸው ናቸው፣ ፎቶአቸው ግድግዳው ላይ አለ። እኔም የአልጋ ቁራኛ ቢሆኑ ነው አልኩና እንደ ባህላችን ገብቼ ልጠይቃቸው ወይ አልኩ፣ አይ፣ ሰው እንዲያየው አይወድም አሉኝ። ታማሚ በባዶ እጅ አይጠየቅም መቼም፣ ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ብርቱካን ይዤላቸው እሄዳለሁ። ዶኛ ኤንካርና በሳህን አድርገው በሩ ሥር ያስቀምጡታል፣ በሚቀጥለው ስመጣ ሳህኑ ላይ ልጣጭ ብቻ ነው ያለው። ስገባ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ጉድ አፍተርኑን፣ ዶን ራፋኤል" እላለሁ፣ እሳቸውም ከውስጥ ይመልሳሉ። እመነኝ፣ ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ግማሹን ያስከነዳሉ።

አንድ ቀን ሰዓት መናገር ላስተምራቸው ነው። በር ላይ ቆሜ ከእናቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር፣ እዚያ ስንት ሰዓት ሆነ ስትለኝ አሥራ አንድ ብያት ዘግቼ ገባሁ፣ ቁጭ እንዳልኩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁና በእንግሊዝኛ "ኢትስ ኢሌቨን ኦክሎክ" አልኩ። ዶኛ ኤንካርና ጽፈው ደገሙ፣ ቀና ብለው ሰዓቱን አዩና በሳቅ ፈረሱ። እኛ አገር ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት ነው ብዬ አስረዳኋቸው፣ ደስ አላቸው፣ ደብተራቸው ላይ ግን ሰርዘው አምስት አደረጉት። ከበሩ ጀርባ የሰረዘ የለም፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶን ራፋኤል ልክ ስገባ "ኢትስ ኢሌቨን ኦክሎክ" ይላሉ፣ ማረም አልቻልኩም።

"ኦፕን ዘ ዊንዶው" የተማርን ዕለት ማግስት ደግሞ በዚያ ሳልፍ የዚያ ክፍል መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎረቤቷ ሴትዮ መጥረጊያ ይዛ ቆማ ወደ ላይ ታያለች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተከፍቶ አያውቅም አለችኝና ካማተበች በኋላ ገባች። ታማሚው ተሻላቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ፣ ሞኝ።

በኖቬምበር መግቢያ የሙታን በዓል አላቸው፣ ሰው ሁሉ አበባ ይዞ መቃብር ይወጣል። ዶኛ ኤንካርና ባልዲውን ያዝልኝ ብለውኝ አብሬ ወጣሁ፣ አንዱን ድንጋይ በጨርቅ ማጠብ ጀመሩ፣ እኔ ውሃ እያቀበልኩ ስሙን አነበብኩት። ራፋኤል ይላል። ፎቶው ያው የሳሎኑ ፎቶ ነው። ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ባልዲው ከእጄ አልወደቀም፣ ጩኸትም አልጮኽኩም፣ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ነው፣ ያን ሁሉ ብርቱካን ለማን ነበር የምሸከመው?

ዶኛ ኤንካርና ፊቴን አይተው ገባቸው። "አልነገርኩህም እንዴ?" አሉ፣ ጨርቁን እየጨመቁ፣ ምሳ ላይ ጨው እንደረሳ ሰው።

ማክሰኞ አልሄድም ብዬ ምዬ ነበር። ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ሴትዮዋ ደብተራቸውን ከፍተው እንደሚጠብቁኝ አሰብኩ፣ ኖራንም አሰብኩ፣ ለጥበቃ ከቁርኣን አያተል ኩርሲይን ቀርቼ ሄድኩ። ብርቱካንም ይዤ ነው የሄድኩት፣ ከለመዱ በኋላ መከልከል ነውር መሰለኝ። እና ምን ልበልህ፣ ለመድኩት። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ክረምቱን በሙሉ ሁለት ተማሪ አስተማርኩ፣ አንዷን አያለሁ፣ አንዱን እሰማለሁ፣ ከዚያ የተጠበሰ እንቁላሌን በልቼ እየዘፈንኩ ቤቴ እገባለሁ።

የማስተምርባት ትንሽ መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ስንብት ነው፣ ጉድባይ፣ ሲ ዩ፣ ቴክ ኬር። ሰኔ ላይ ወደ አሜሪካ ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ ገልጬ ልጀምር ስል ዶኛ ኤንካርና እጃቸውን ገጹ ላይ ጣሉበት። ያን ቀን ብቻ ነው ዓይናቸው ፈርቶ ያየሁት።

"ይቺ ትቅርብን። ራፋኤል የተማረውን ነገር ሁሉ ያደርገዋል።"

መስኮቱ ትዝ አለኝ፣ መጽሐፏን ዘጋሁ። ስንለያይም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ወጣሁ፣ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

አሁን ሳን ሆዜ ነው የምኖረው፣ ለትላልቅ ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በተመለስኩ በወሩ ዶኛ ኤንካርና የላኩኝን የወይራ ዘይት ይዤ ቅዳሜ ጠዋት ሄይዋርድ ፒላር ቤት ሄድኩ። ታብሌቱ ሲጠራ ኖራ ፓንኬኳን ጥላ፣ እናቷን ገፍታ፣ ራሷ አነሳችው። ወላሂ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ጥርሷ፣ ስለ አስተማሪዋ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ነገረቻቸው፣ ዶኛ ኤንካርናም በዚያች እኔ ባስተማርኳቸው እንግሊዝኛ አንድ በአንድ ይመልሳሉ፣ ይስቃሉ። ሥራዬ ተሳካ አልኩ በልቤ።

ከተዘጋ በኋላ ኖራ ወደ እኔ ዞራ፣ ግራንድማ ጎበዝ ናት፣ ሰውዬው ግን ሰዓት አያውቅም አለችኝ። የቱ ሰውዬ አልኳት።

"ከጀርባዋ ያለው። ሁልጊዜ ኢሌቨን ነው ይላል።"

ፒላር ከኩሽና፣ ኢማጂነሪ ፍሬንድ ነው፣ በሐሳቧ የፈጠረችው ጓደኛ፣ ሁሉም ልጅ አለው ብላ ሳቀች፣ እሷ ሰምታ አታውቅም። እኔ ግን አሰብኩት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሄይዋርድ ጠዋት ስምንት ሰዓት ነው፣ ስፔን ከሰዓት አምስት ሰዓት ነው፣ በሁለቱም አገር ኢሌቨን የሚል ሰዓት የለም። አሥራ አንድ ያልኩት እኔ ነኝ። ምናልባት ዶኛ ኤንካርና ልጅቷን ለማሳቅ እየነገሯት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ እሱም ይሆናል፣ አይሆንም አልልህም። ግን ኖራ ቀጥላ፣ እኔ ባይ በል ስለው አይደግምም፣ የሚደግመው አስተማሪው ያለውን ብቻ ነው አለችኝ።

ይሄ ሁሉ ሦስት ዓመት አለፈው፣ ይሄን የምጽፍልህ ባለፈው ቅዳሜ ምክንያት ነው። ዶኛ ኤንካርና እኔ ጋ በቪዲዮ ደወሉ፣ በቀጥታ። ከስተዋል፣ ልባቸው ደክሟል፣ ሐኪሙ ደረጃ እንዳይወጡ ከልክሏቸዋል፣ ፊታቸው ግን ጨዋታ ነው፣ ኖራ በበጋ እመጣለሁ እንዳለቻቸው ነገሩኝ። ከጀርባቸው ያ በር ይታያል፣ እኔ ሳለሁ ተከፍቶ አይቼው አላውቅም፣ አሁን ገርበብ ብሏል።

"ልጄ፣ ያቺን የቀረችንን ገጽ አሁን አስተምረን።"

አስተምረን ነው ያሉኝ፣ አስተምረኝ አላሉም። ኔትወርኩ ተበላሸ ብዬ ዋሸኋቸው፣ የሚመጣው ቅዳሜ ይሁን ብያቸው፣ ቻው ሳልል ዘጋሁ። ለእናቴ ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፣ ትሳደባለች ብዬ ስጠብቅ፣ ብርቱካኑን ግን ይበሉት ነበር? አለችኝ። ልጣጩን ብቻ ነው ያየሁት እማዬ አልኳት። ከዚያ ወደ ኩሽና ገባች።

ነገ ቅዳሜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላሉ። መጽሐፏን አውጥቼ አየኋት፣ ስምንት ቃል አትሞላም፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ባስተምር ከሁለቱ የትኛው እንደሚሄድ አላውቅም፣ ወይስ አብረው ነው የሚሄዱት፣ ባላስተምር ደግሞ ሴትዮዋ በሕይወታቸው የጠየቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ የመጀመሪያውን አልከለከልኳቸውም። እወዳቸዋለሁ፣ ችግሬ እሱ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ክላስ ሲያልቅ ተማሪዎቼ እንደ ወትሮው "ባይ፣ ቲቸር" እያሉ ወጡ። እኔ እጄን ብቻ አውለብልቤ በሩ ላይ ቆምኩ፣ የመጨረሻዋ ሴትዮ ከወጣች በኋላ እንኳ አልሄድኩም፣ በግማሽ ትንፋሽ ዘግይቶ "ባይ" የሚል ሰው እንዳለ እየጠበቅኩ ነበር።